ለድሬ ሙቀት የሚሆን የቤት ውስጥ የቅመም መጠጥ፦ እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

የሳቢያኗ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬ ሳቢያን ነው ያለሁት። ሰሞኑን ጁስ ቤቱም ቲክቶኩም ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ የተፈጨበት መጠጥ ብቻ ሆኗል። ጎረቤቴ በትንንሽ ጠርሙስ እየገዛች ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጎነጫለች። ዋጋውን ስትነግረኝ ዓይኔ ፈጠጠ። በዚያ ብር ቀፊራ ወርጄ አንድ ፌስታል ዝንጅብል ይዤ እመለሳለሁ።

እቤት መሥራት ጀምሬያለሁ፣ ጣዕሙም አይከፋም። ግን ፈጭቼ፣ በማርና በውሃ አቅጥኜ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሳስቀምጠው ብዙም ሳይቆይ ጠርሙሱ ይነፋል። ክዳኑን ስከፍተው "ፍስስ" ይላል። ጎረቤቴ "ኃይሉ ነው" ትለኛለች። እውነት ነው?

ሌላው፣ እማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። እሷም "እስቲ አምጪው ልቅመሰው" ማለት ጀምራለች። ልስጣት? ደግሞ ለዚህ ሙቀት ቀዝቀዝ ብሎ የሚጠጣ፣ ቤት የሚሠራ ሌላ ነገር ካላችሁ ወዲህ በሉ። ለስላሳ መግዛት ሰልችቶኛል።

አቦ ይመቸው | ሰኞ ማታ

አቦ በግንቦት ድሬ ላይ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት? አንቺ ልጅ ላብ ልትሸጪ ነው? በረዶ ውሃ፣ ሎሚ፣ ጥላ ሥር ቁጭ። አለቀ።

ቀፊራ ጥግ | ሰኞ ማታ

ልጄ፣ ኃይሉ አይደለም። መፍላት ጀምሮ ነው። ዝንጅብል ልጣጩ ላይ እርሾ ይዞ ነው የሚመጣው። ማርና ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። ብርዝ በጥብጠሽ የምታውቂ ከሆነ ነገሩ ይገባሻል። ማር ለብቻው ዓመት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ በውሃ ከቀጠነ በኋላ ግን እርሾውን የሚከለክለው የለም። ሐረር ላይ ቀናት የሚፈጅበትን ድሬ ላይ ሌሊቱን ይጨርሰዋል።

ፕላስቲክ ስለሆነ ተነፋልሽ እንጂ መስታወት ጠርሙስ ቢሆን ሊፈነዳ ይችል ነበር። ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ከፍሪጅ ውጭ ማሳደር አይደረግም። ሽታው ከተቀየረ፣ ከላይ ነጭ ሽፋን ከሠራ ወይ ካዝለገለገ ድፊው። ብር ወጥቶበታል ብለሽ አትሳሺ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። አፈሩ እስኪለቅ በቡርሽ ይታሻል፣ ይላጣል፣ በስሱ ይከተፋል። ሙቀጫ ውስጥ መታ መታ ይደረግና ይወጣል፣ መድቀቅ የለበትም። ክዳን ገጥመሽ ሩብ ሰዓት ያህል ታፈይዋለሽ። ክዳኑን አትርሺ፤ ያ የሚያውደው ነገር ከእንፋሎቱ ጋር ነው የሚሄደው። እሳቱን አጥፍተሽ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ማጥለል። ሎሚው የሚጨመቀው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ማሩ ደግሞ ሲጠጣ፣ በብርጭቆው። ማሩን ቀድመሽ ከጨመርሽው ያው ወደ ብርዙ ተመለስሽ።

ፍሪጅ ካለሽ ሁለት ሦስት ቀን። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆንሽ የቀኑን በቀኑ። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፤ ወፈር አድርገሽ ታፈይና በበረዶ መሥሪያው ታቀዘቅዢዋለሽ። ጠዋት አንድ ሁለት ኩብ ብርጭቆ ውስጥ፣ ሎሚ ጠብ፣ ውሃ። ለድሬ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ነጭ ሽንኩርቱን ለወጡ ተይለት።

የሳቢያኗ | ሰኞ ማታ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ! ኩቡ በጣም ነው የተመቸኝ። እርዱንስ ምን ላድርገው? ውሃ ውስጥ ስጨምረው ታች ይዘቅጣል።

ቀፊራ ጥግ | ሰኞ ማታ

ይዘቅጣል፣ እርድ ከውሃ ጋር አይስማማም። ቅባት ነው የሚወደው። ወተት ላይ አድርጊው፣ ቁንዶ በርበሬ በጣት ቆንጠር አድርገሽ። ደግሞ ከቻልሽ ድፍኑን ገዝተሽ ራስሽ ውቀጪ። የተፈጨውን ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም።

ተፈጥሮ ይበልጣል | ማክሰኞ ጠዋት

ወገኖች፣ ዝንጅብልና እርድን ለጥም አታውሏቸው። እነዚህ መድኃኒት ናቸው። ጠዋት በባዶ ሆድ የተወሰደ ዝንጅብል፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጉበት ያጥባል፣ መርዝ ያስወጣል፣ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፣ ግፊትን ያወርዳል። የሆስፒታሉ ክኒን ኬሚካል ነው። አያቶቻችን በምን ነበር የኖሩት? የሳቢያኗ፣ ለእናትሽ ስጪያት፣ ክኒኑን ቀስ በቀስ ትተወዋለች።

አቦ ይመቸው | ማክሰኞ ጠዋት

አቦ ተው! የሰው እናት ላይ ሙከራ?

ተራ ነርስ | ማክሰኞ ጠዋት

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ባይጻፍ ዝም ብዬ አነብ ነበር። የሳቢያኗ፣ የእናትሽን ክኒን እንዳትነኪ። ግፊት ሲወርድም ሲወጣም አይታወቅም፤ "ደህና ነኝ" ብለው ካቆሙ በኋላ ግማሽ አካላቸው ሳይታዘዝ ተሸክመን የምንቀበላቸው ሰዎች አሉ።

አሁን መጠጡን ራሱን እንየው። ሻይ ላይ የሚጨመር ዝንጅብል፣ ወጥ ላይ የሚገባ ነጭ ሽንኩርትና እርድ የሚያስፈራ አይደለም። ጥያቄው መጠኑ ላይ ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከአንድ እጅ ዝንጅብል ጋር ፈጭቶ በየቀኑ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ እነዚህን ማብዛት የለበትም፤ መድማት ሊያመጣበት ይችላል። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለትም ለሐኪሙ ይንገር። ጨጓራ ላለበት ደግሞ በባዶ ሆድ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ምን እንደሚያደርግ ድሬ ሙሉ ያውቀዋል።

ለእናትሽ ቀጠን ያለ የዝንጅብል ሻይ፣ ያለ ጨው፣ ስኳር ቀነስ ተደርጎ፣ ምንም አይላትም። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ለሐኪሟ ትንገረው። ሰው የሚጠጣውን ቅጠልና ሥር ለሐኪም መንገር ያፍራል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አንቆጣም።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ | ማክሰኞ ከሰዓት

"ኬሚካል ነው" ለሚለው ብቻ አንድ ነገር ልበል። ዝንጅብሉን የሚያቃጥለው ኬሚካል ነው። እርዱን ቢጫ ያደረገው ኬሚካል ነው። ውሃውም ነው። ጉበት ደግሞ አጣቢ የሚፈልግ ዕቃ አይደለም፣ አጣቢው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ልተወው።

እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ ከርከዴ ነው፤ የሳቢያኗ ቀዝቃዛ ነገር ስለጠየቀች። ቀፊራ ደረቁ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ለሙቀት ይሆናል። ጥቁር ቀይ የሆነውን፣ አበባው ያልደቀቀውን ምረጪ። ከመዘፍዘፍሽ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ አድርጊው፤ አቧራ አለው። ከዚያ አንድ ጭብጥ ሙሉ ለአንድ ሊትር። ብዙ ሰው ያፈላዋል። እኔ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሲፈላ ኮምጣጣነቱና መራራነቱ ይበረታል፤ ሲያድር ለስለስ ይላል፣ ስኳርም ብዙ አይጠይቅም። ቀረፋ አንድ ስንጥር ብትጨምሪ አብሮ ያድራል። ግን ውሃው ቀድሞ የፈላና የቀዘቀዘ ይሁን፤ ቀዝቃዛው ዘዴ የሚገድለው ጀርም የለም።

አሁን ወደ ድሬ ውሃ። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሻይ ላይ የሚንሳፈፈው ስስ ሽፋንም የእሱ ሥራ ነው። በዚህ ውሃ ቀጠን ያለ ከርከዴ ከዘፈዘፋችሁ ደማቅ ቀዩ ይደበዝዝና ወደ ሐምራዊ ያደላል። ሰው አበባው አሮጌ ነው ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል። ከመጣላታችሁ በፊት ብርጭቆው ላይ ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት። ቀዩ ዓይናችሁ እያየ ይመለሳል። ተማሪዎቼን በዚህ ነው አሲድና ቤዝ የማስተምራቸው፤ ከትምህርቱ በኋላ ደግሞ እንጠጣዋለን።

ውሃውን ቀድሞ አፍልቶ፣ ነጩ እስኪዘቅጥ አሳድሮ ከላይ መቅዳትም ይረዳል። ለተጋገረው ማንቆርቆሪያ ደግሞ አቼቶ ወይም የተጨመቀ ሎሚ ከውሃ ጋር አፍሉበት፣ ይለቃል።

ከርከዴና ሁመር አሲዳማ ስለሆኑ በአሉሚኒየም ድስት አይፈሉም፣ አያድሩም። ስቴንለስ ወይ መስታወት።

ተራ ነርስ | ማክሰኞ ከሰዓት

መምህር፣ ጥሩ አስታወሱኝ። ከርከዴ ግፊትን በመጠኑ የማውረድ ባህርይ አለው፣ ይህ ተጠንቶ የታየ ነው። ስለዚህ የሳቢያኗ እናት በቀን አንድ ብርጭቆ ብትጠጣ ጥሩ፣ በጀግ ግን አይሆንም። ክኒኑም ያወርዳል፣ ይኸኛውም ያወርዳል፤ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል እንዳያዞራት።

ጀጎል ውስጥ | ማክሰኞ ማታ

ድሬዎች በረዶ በረዶ ስትሉ ደረስኩ። እኛ ጋ ሐረር ከመሸ በኋላ ሹራብ ነው። ከ1,800 ሜትር በላይ ተቀምጠን ኩብ አንልም፣ ሆጃ ነው የምንለው።

እስቲ ለማያውቁት። ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ደረቅ ገለባ አይጣልም። ይታጠባል፣ ውሃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈላል፣ ወተት ይጨመርበታል፣ ጨው ጣል ይደረጋል። እሱ ሆጃ ነው። ቁጢ ደግሞ ከቡናው ቅጠል ነው። ደረቁን ቅጠል ምጣድ ላይ ሽታው እስኪነሳ ታመሻለሽ፣ በእጅሽ ታደቂዋለሽ፣ ከዚያ ውሃው ቀይ ቡናማ እስኪሆን ታፈይዋለሽ። በዚያ ላይ ወተትና ጨው። ስኳር የሚያደርጉም አሉ፣ እኛ ቤት ግን ስኳር የጠየቀ እንግዳ መሆኑ ይታወቃል። አያቴ ቅጠሉን ስታምስ ከምጣዱ ዓይኗን አትነቅልም። ጠርዙ መጠምጠም ሲጀምር ታወርዳለች። ትንሽ ካለፈ ሙሉ ማሰሮው ጭስ ጭስ ይላል።

በረመዳን ማታ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ በሸዋሊድ በዓላችን ሰሞን፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ሁሉም ጊዜ ቦታ አለው። ሸዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ቁጢ አቅምሱኝ ይላል። እኛም አንሰስትም።

አቦ ይመቸው | ማክሰኞ ማታ

የቡና ገለባ ለከብት... እሺ ተውኩት፣ ሐረር ስመጣ ሸዋ በር ላይ ይጠብቁኛል።

ጀጎል ውስጥ | ማክሰኞ ማታ

ና ብቻ። አንድ ብርጭቆ ጠጥተህ ሁለተኛውን ካልጠየቅክ የትራንስፖርትህን እኔ።

ደቻቱ ዳር | ማክሰኞ ማታ

ቁጢ እንቅልፍ ይነሳል ወይ? እኔ ማታ ቡና ከጠጣሁ ጣሪያ ስቆጥር ነው የማድረው።

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ | ማክሰኞ ማታ

ቅጠሉም ገለባውም ካፌይን አላቸው። ከፍሬው ያንሳል እንጂ ባዶ አይደሉም። ወተት መጨመሩ ካፌይኑን አያጠፋውም። ላንተ ዓይነቱ ከቀትር በፊት ቢጠጣ ይሻላል።

ተራ ነርስ | ማክሰኞ ማታ

ግፊት ላለባቸው ደግሞ ጨው የሌለበት ቁጢ ይለመድ። ጀጎል ውስጥ፣ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ።

ጀጎል ውስጥ | ማክሰኞ ማታ

ያለ ጨው ቁጢ... ሲስተር ስላሉ ብቻ ዝም አልኩ።

የወተት ሻይ | ረቡዕ ጠዋት

ለገሀሬ አካባቢ ሻይ ቤት ነው ያደግኩት፣ ስለ ወተት ሻይ ካልጻፍኩ ያመኛል። ከላይ እርድ ወተት ላይ አድርጊው የተባለውን ሰው ዝንጅብል ጨምሮ እንዳይሞክረውና ወተቱ ተቆራርጦ እንዳይራገም።

እርጥብ ዝንጅብል ፍቀህ ለብ ያለ ወተት ላይ ከጨመርክ ወተቱ ይቋጥራል። ሰው ወተቱ የቆየ ነው ይላል። ወተቱ ደህና ነው። ዝንጅብሉ ውስጥ ወተት የሚያረጋ ነገር አለ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ ደግሞ ጉልበት ያገኛል። ሲፈላ ይሞታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ዝንጅብሉ መጀመሪያ በውሃ ብቻ በደንብ ይፈላል። ከእሱ ጋር ሄሉ፣ የተሰበረ፣ ለሁለት ስኒ ውሃ አራት አምስት ፍሬ። ቀረፋ አንድ እንጨት። ቅርንፉድ ሁለት ብቻ፣ ሲበዛ ምላስ ያደነዝዛል፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ሻይ ቅጠል፣ ከዚያ ወተት፣ አንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወርዳል። እርድ የፈለገ ከወተቱ ጋር ይጨምር። ድፍን ቅመም ከሆነ ማጥለል ይቀላል፤ ዱቄቱ ስኒው ሥር ጭቃ ይሠራል።

ቅመሙን ለሳምንት የሚበቃ ብቻ ውቀጡ። የተወቀጠ ሄል በድሬ ሙቀት ሽታው ቶሎ ይጠፋል። ድፍኑ ግን በደንብ በሚዘጋ ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ ወራት ይቆያል።

የግመል ወተት ካገኛችሁ ሻዩ ሌላ ነገር ይሆናል። ግን አፍሉት። ጥሬውን መጠጣት ጀግንነት የሚመስለው ሰው ሞልቷል፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የማይለቅ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከጥሬ ወተት ነው የሚመጣው።

ጤና በእጅዎ | ረቡዕ ከሰዓት

ዋው የሚገርም ውይይት ነው! እኛ ደግሞ 12 ቅመሞችን ያዋሃደ ዱቄት አዘጋጅተናል፣ ውፍረት ይቀንሳል፣ ፊት ያጠራል፣ በውስጥ መስመር

አወያይ | ረቡዕ ከሰዓት

ቀሪውን አጥፍቼዋለሁ። እዚህ መሸጥ የለም። ቀጥሉ።

አቦ ይመቸው | ረቡዕ ከሰዓት

ፊት ያጠራል ያለው ላይ ቀረብኝ አቦ

ደቻቱ ዳር | ረቡዕ ማታ

ስለ አብሽ የሚያውቅ የለም? አክስቴ ለሆድ ድርቀት ጠጣ ትለኛለች፣ ስሠራው ግን እሬት ነው የሚሆንብኝ።

ተፈጥሮ ይበልጣል | ረቡዕ ማታ

እኔ አውቃለሁ። ትናንት ብትሰድቡኝም አብሽ ላይ አትችሉኝም።

የሚመርህ የመጀመሪያውን ውሃ ስለምትጠጣው ነው። አብሹ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለስለስ ብሎ ይፈጫል። ቆላ ያደርጉታል አንዳንዶች፣ እኔ አልቆላውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በብዙ ውሃ ታሳድራለህ። ጠዋት ዱቄቱ ታች ዘቅጦ ከላይ ቢጫ ውሃ ታገኛለህ። ያንን ቀስ ብለህ ድፋው፣ ምሬቱ እዚያ ነው። ሌላ ውሃ ጨምር፣ ቆይቶ እሱንም ድፋ። ሲቀምሱት ምሬቱ ለዘብ እስኪል ይደጋገማል።

ከዚያ መምታት ነው። ጥቂት ውሃ ብቻ አስቀርተህ በሹካ ወይ በእጅህ ወደ አንድ አቅጣጫ ትመታዋለህ። መጀመሪያ ቢጫ ልጥ ነው። ክንድህ ሲደክም መንጣት ይጀምራል። ከዚያ ይነፋል፣ ዕቃውን ይሞላል፣ አረፋው ማንኪያ ላይ ይቆማል። እዚያ ሲደርስ ነው ውሃ፣ ማርና ሎሚ የሚጨመረው። ሰው የሚሰንፈው መምታቱ ላይ ነው፤ ሳይመታ የተጠጣ አብሽ ጉሮሮ ላይ ይንሸራተታል፣ ያስጠላል። ከጠጣህ በኋላ ላብህም አብሽ አብሽ ቢሸት አትደንግጥ።

ቀፊራ ጥግ | ረቡዕ ማታ

ይህን የመሰለ እጅ እያለህ ነው ትናንት ያንን ሁሉ የጻፍከው? ተባረክ።

ጀጎል ውስጥ | ረቡዕ ማታ

የተመታው አረፋ እኛ ጋ መረቅ ላይ ይወጣል፣ ሁልበት መረቅ። ወንድማችን ትክክል ነው፣ ሚስጥሩ ክንድ ነው።

ተራ ነርስ | ሐሙስ ጠዋት

አሠራሩ ላይ እኔም ተምሬያለሁ። ጥቂት ብቻ ልጨምር። አብሽ የደም ስኳር ያወርዳል። ይህ ጥሩ ወሬ ይመስላል፤ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን በዚያ ላይ በብዛት ሲጠጣው ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ መደናገር ካለ ቶሎ ጣፋጭ ነገር መውሰድ ነው። ክኒኑን ትቶ በአብሽ መተካት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ነፍሰ ጡሮች አብሽን በመጠጥ መልክ ባያበዙ ይመረጣል። ጤና አዳም ግን ከዚያ ይብሳል። ቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ጣል ማድረግና አንድ እጅ ሙሉ አፍልቶ መጠጣት አንድ አይደሉም። ጤና አዳም በብዛት ማኅፀን ያኮማትራል፣ ጉበትና ኩላሊትንም ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ቡናዋንም ያለ ጤና አዳም ትጠጣ። ቅጠሉን ቆርጦ ፀሐይ ላይ መዋልም ቆዳ ያቃጥላል፣ በድሬ ፀሐይ በተለይ።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ለጉሮሮም ቢሆን፣ በጣት ጫፍም ቢሆን።

ደቻቱ ዳር | ሐሙስ ጠዋት

ሲስተር አንድ ጥያቄ። ከትናንት ጀምሮ ራሴን ያመኛል፣ ያተኩሰኛል። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሊሰጡኝ ነው። ልጠጣ?

ተራ ነርስ | ሐሙስ ጠዋት

የዳማከሴው ሽታ ራስህን ቀለል ቢያደርግልህ አልከለክልህም። ግን ድሬ ላይ ነህ። በ2011 መጨረሻ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት እንዳስተኛው ታስታውሳለህ። በ2014 ደግሞ ወባ በደረቁ ወቅት ተነስቶ ነበር፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ በሚራባው አዲሱ ትንኝ ምክንያት። ሌላው የትንኝ ትኩሳት፣ ደንጌም አለ። ሁሉም ሲጀምሩ ምች ነው የሚመስሉት። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድና ደም ተመርመር። እስከዚያ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰድ፣ ደንጌ ከሆነ ያደማሉ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። በርሜልህንም ክደን።

ተቅማጥ ወይ ትውከት ካለ የወጣውን ውሃና ጨው የምትጠጣው የቅመም ሻይ አይተካውም። ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ከፋርማሲ ግዛ። ካጣህ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልሙጥ ነው ያልኩት፣ ክምር አይደለም። ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ደቻቱ ዳር | ሐሙስ ማታ

ሄጄ መጣሁ። ወባ ነበር። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ዳማከሴው አልጋዬ አጠገብ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል።

የሳቢያኗ | ዓርብ ማታ

እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ፣ ለሲስተርም እግዜር ይስጥልን።

እኔ ጋ ያለው ይኸው። ፈጭቼ የነበረውን በሙሉ ደፋሁት። የዝንጅብል ኩቡ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከርከዴውን አሳደርኩት፣ እውነትም ወደ ሐምራዊ ሄደብኝ፣ ልጆቹን ሰብስቤ ሎሚ ጨመቅኩበትና ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እማዬ በቀን አንድ ብርጭቆ ተፈቅዶላታል። "ክኒኔንም እወስዳለሁ፣ ይቺንም እጠጣለሁ፣ ማን ከለከለኝ" እያለች ነው። ጎረቤቴ አሁንም የምትገዛውን አልተወችም፣ ግን ኩብ አበድሪኝ ብላ መጥታ ነበር።

ከላይ ሁመር የተባለውን ማን ነው የሚጽፍልኝ? ቀፊራ ላይ ጥቁር ጥፍጥፍ ሆኖ አይቸዋለሁ።

ቀፊራ ጥግ | ዓርብ ማታ

እሱ ነው፣ ሮቃ የሚሉትም አሉ። ብይ የሚያህለውን ለአንድ ብርጭቆ፣ ለጀግ ደግሞ እፍኝ ሙሉ። ፍሬውና ክሩ አብሮት ስላለ አትደንግጪ። ሙቅ ውሃ አፍስሽበትና ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ እጅሽን ታጥበሽ እሺው፣ ፍሬው ራቁቱን እስኪቀር። በወንፊት አጥልይ፣ ስኳር፣ በጣም ጥቂት ጨው፣ ከዝንጅብል ኩብሽ አንድ። ጾም ላይ ብትሆኑም ይሆናል፣ ወተት የለበትም። ልጆቹ ደጋግመው እንዳይጠጡ ብቻ፣ ሆድ ያላላል።

የሳቢያኗ | ዓርብ ማታ

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ቀፊራ እወርዳለሁ። ሄልም ልይዝ ነው። የወተት ሻይ፣ ለሁለት ስኒ አራት አምስት ፍሬ ነው ያልከው?

የወተት ሻይ | ዓርብ ማታ

አዎ። አረንጓዴውን፣ ቅርፊቱ ያልተከፈተውን ምረጪ። አንዱን ሰብረሽ አሽትተሽ ግዢ፣ ነጋዴው ቢቆጣም።